ነርቭ በባነር አይቀጠልም

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ ይስቃል። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «ጡረታ አይባልም፤ ተባረህ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ዘጠኝ ዓመት በሰው እጅና እግር ላይ ከሠራሁ በኋላ፣ ቱሉ ዲምቱ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ በአንዲት ልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ ምክንያት ተባረርኩ። ሰሚራ ትባላለች። እጇ የሚተርፍበት ጊዜ እያለቀ ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ እንዳስፈርማት ታዝዤ ነበር። ዝም አላልኩም።

አሁን አቃቂ በሰቃ፣ ማስታወቂያ የሚታተምበት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሲበላሽ የምወቅሰውም የለም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። «እንዲህ ያለ የተከበረ ሥራ እንዴት ጥለህ ወጣህ?» እያሉ የሚያደርቁኝን ሁሉ አንድ ጊዜ መልሼ ልገላገል ብዬ ነው።

የጀመርኩት ቃሊቲ፣ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ፣ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ረዳት ሆኜ ነው። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ ፔዳሉ የወለቀ ብስክሌትና የሰም ማሞቂያ ነበረው። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። ፎርሙ ግን ለጉድ ነው፤ አንድ ጣት ለማጠፍ ሦስት ቦታ ይፈረማል።

አለቃዬ ጋሽ ሽፈራው ይባላሉ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ካሉ ሁለት ሰዓት ነው። ከቤታቸው በፔርሙስ ሙቅ ውሃ ይዘው ይመጣሉ። ለሻይ ይመስለኝ ነበር። ለካ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን የሚያሞቁበት ነው። «ቀዝቃዛ እጅ ያስደነግጣል» ይሉኛል፤ «የደነገጠ ጡንቻ ደግሞ ይዋሻል።»

አካባቢያችን የፋብሪካና የወርክሾፕ አገር ስለሆነ ወደኛ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ማሽን የያዘው፣ ብረት የቆረጠው፣ መርፌ ያለቦታው የተወጋ ነው። ቆዳው ተሰፍቶ ድኗል። ውስጥ ያለው ነርቭ ግን ተበጥሶ እጁ አይሰማም፣ ወይም እግሩ ይጎተታል። ጋሽ ሽፈራው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ክር ነበራቸው። ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ከሚሠራ ጎረቤታቸው የሚያገኙት ወፍራም ነጭ ክር ነው። ከቁስሉ እስከ ጣቱ ጫፍ ለክተው ይቆርጡታል። ከዚያ በየወሩ በሽተኛውን ዓይኑን አስጨፍነው፣ በነርቩ መንገድ ላይ በጣታቸው ጫፍ ቀስ እያሉ መታ መታ ያደርጋሉ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሰውዬው «ኤሌክትሪክ!» ብሎ ይዘላል። እያደገ ያለው የነርቩ ጫፍ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። በክሩ ላይ በዚያው ልክ ቋጠሮ ያስራሉ። ቋጠሮዎቹ ወደ ጣት እየሄዱ ከሆነ ነርቩ መንገድ ላይ ነው። ቋጠሮው አንድ ቦታ ላይ ከተደራረበ ነርቩ ቆሟል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

«ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ያውም ከቀናው» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። «ጡንቻ ግን አይጠብቅም። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ዓመት ተኩል ነርቭ ካልደረሰለት ያልቃል። ሥራችን እሽቅድምድም ነው፤ ሯጫችን ቀንድ አውጣ ነው።»

«ይድናል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «እንይ» ነው የሚሉት።

እኔ ደግሞ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ፣ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ፣ «እንይ» የሚለው ቃል የሚያናድደኝ ሰው ነበርኩ። ስለ ስቴም ሴል ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ ሴል አለ፤ አጥንትም፣ ደምም፣ ነርቭም መሆን ይችል ይሆናል፤ ተመራማሪዎች የተጎዳ ነርቭን እንዲያግዝ በመርፌ እየሰጡ እየሞከሩት ነው ይላል። «እየሞከሩት ነው» የሚለውን ዘለልኩት። ምን እንደሚሆን ያልወሰነ የሚለው ልቤን ወሰደው፤ ራሴን ያገኘሁ መሰለኝ። የዚያኑ ቀን ግጥም ጻፍኩ። ሁለቱን ስንኝ «የስቴም ሴል መርፌ» ከሚል ርዕስ ጋር በትልቁ ጽፌ ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፦

ስም ያልወጣለት ነው፣ ሥራ ያልመረጠ፤
ደርሶ ይቀጥላል የተቆራረጠ።

ጋሽ ሽፈራው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ቤቱ ይመታል» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ታምሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አቃቂ በሰቃ የብረት ወርክሾፕ ውስጥ በር የሚሠራ፣ የእኔው እኩያ፣ ቀልደኛ ልጅ ነው። ላሜራ ክርኑ አጠገብ ቆርጦት፣ ትንሿና የቀለበት ጣቱ እንደ ጥፍራም ወፍ እግር ታጥፈው ቀርተዋል። ጋሽ ሽፈራው በሁለት ወር ውስጥ ቋጠሮው እንደማይንቀሳቀስ አዩና ለቀዶ ጥገና ጻፉለት። ቀጠሮው ደረሰ። ታምሩ ግን ቢላ ይፈራል።

«እውነት ያ ግድግዳው ላይ ያለው መርፌ ይመጣል?» አለኝ ጣቶቹን እየዘረጋሁለት።

«ይመጣል ስልህ! ውጭ አገር አይጥ ላይ እየሠራ ነው እኮ።»

«እኔ አይጥ ነኝ?»

«ከአይጥማ ትሻላለህ።»

ተሳሳቅን። ወደ ቀጠሮው አልሄደም። ለጋሽ ሽፈራው «ተራዘመ» አላቸው። እኔ እንዳልተራዘመ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። በየሳምንቱ ሲመጣ ግጥሜን እንደ ሰላምታ ይለዋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ከሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ግጥሜ ነበር።

ዓመት አልፎ ጋሽ ሽፈራው ራሳቸው ደውለው ሌላ ቀጠሮ አስያዙለት፤ እኔ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ እጁን አገላብጣ አየች። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ጠፍቶ ጉድጓድ ሆኗል። «ለምን ዘገየህ?» አለችው። እሱ ቀና ብሎ ያየው እኔን ነው።

ስንመለስ ጋሽ ሽፈራው «ማነው የመከረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

ከፔርሙሱ ውሃ ቀዱ፣ ታጠቡ፤ ከዚያ ለእኔም ቀዱልኝ። «ታጠብ። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ ጣቶቹን ትዘረጋለታለህ። እንዲድን አይደለም፤ ጨርሶ እንዳይደርቅ።»

ተነስቼ ግጥሙን ልቀድ እጄን ሰደድኩ።

«ተው፤ ይቀመጥ።»

«ያሳፍራል እኮ ጋሽዬ።»

«ለዚያ ነው ይቀመጥ የምልህ።»

ሦስት ዓመት ተቀመጠ። የገባ ሁሉ ያነበዋል፤ «ይሄ መርፌ አለ እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም የታምሩን እጅ እየነገርኩ እመልሳለሁ። ከዚያ የከፋ ቅጣት አላውቅም። ከዚያ የተሻለ ትምህርትም አላገኘሁም።

አንድ ቀን «ስቴም ሴል ውሸት ነው ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ውሸት ማን አለህ? የሚደክሙበት ሰዎች አሉ፤ አንድ ቀን ይደርሱ ይሆናል። ግን እንግዳው ሲመጣ ቤቱ ፈርሶ ከቆየው የት ይገባል? የእኛ ሥራ ቤቱን ማቆየት ነው።»

ታምሩ በር መሥራት አልቻለም። ብረቱን የሚይዝበት እጅ የለውም። እዚያው ሰፈር ብሎንና ሚስማር መሸጥ ጀመረ።

ጋሽ ሽፈራው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ያለ እሳቸው አልጥምህ አለኝ፤ ወደ ቱሉ ዲምቱው የግል ክሊኒክ ተዛወርኩ። ወለሉ ያበራል፣ ብስክሌቱ ፔዳል አለው። ባለቤቱ ዶክተር ኤልያስ ለበሽተኛ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ፣ እናቶችን በስማቸው የሚጠራ ሰው ነው። ሰይጣን ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። ቸኩሎ ነበር።

ሰሚራ እዚያ ነው ያገኘኋት። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው አቃቂ በሰቃ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሷ ሱቁን ለሁለት ከፍላ በአንዱ ጎን ልብስ ትሰፋለች። የተሰበረ መስታወት የቀኝ አንጓዋን ቆርጧት አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና መሐል ጣቷ ደንዝዘዋል። በካውያ ተቃጥላ፣ ሽታው ነው የነገራት። አብሬያት ስሠራ እንደ ጋሽ ሽፈራው ክር ለካሁላት። በየወሩ ቋጠሮው እዚያው ጠባሳው ላይ ተደራረበ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል አስላክኋት። ቀጠሮ ተያዘላት፤ ከእግሯ ጎን ቀጭን ነርቭ ወስደው አንጓዋ ላይ ሊቀጥሉላት ነው። ከተቆረጠች ስድስት ወር ሆኗታል። ጊዜ አለ፤ የሚባክን ግን የለም።

ቀጠሮዋ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ክሊኒካችን በር ላይ ባነር ወጣ፦ «የነርቭ ጉዳት ያለ ቀዶ ጥገና! ስቴም ሴል ገብቷል!»

ሐሙስ ዕለት ዶክተር ኤልያስ ቢሮው ጠራኝ። «ሰሚራን ቅጹን አስፈርማት። ሦስት መርፌ ነው።»

«ዶክተር፣ ማክሰኞ ቀዶ ጥገና አላት።»

«ትተወዋለች። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«ሴሉ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከራሷ ደም። ይሽከረከራል፣ ይጣራል፣ ይወጋል።»

«በየትኛው ማሽን?»

ቅጹን ወደ እኔ ገፋው። ማሽኑን አውቀዋለሁ። ለተራ የደም ምርመራ የምንጠቀምበት ነው፤ በየቀኑ አልፈዋለሁ። እዚያ ውስጥ የሚሽከረከረው ደም ነው፤ ሲወጣም ደም ነው።

ቅጹን ይዤ ወደ ሰሚራ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩትና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ተለወጠ።

«ዶክተሩ አንድ ነገር ይለኛል፣ አንተ ሌላ ትለኛለህ። እሱ ነው የተማረው ወይስ አንተ?»

«እሱ ነው።»

«እና? ወላሂ ሰው ሲሻለው የማትወዱ ጉዶች ናችሁ! እዚያ ሄጄ እግሬን ልቆረጥልህ?»

«እግርሽን አይደለም። ከጎኑ አንድ ክር የምታህል ነርቭ ናት። የተረከዝሽ ጎን ትንሽ ይደነዝዛል፤ ትሄጃለሽ፣ ትሮጫለሽ።»

«ታዲያ ጤነኛ እግሬን ለምን አደነዝዛለሁ? ይሄኛው ሦስት መርፌ ነው። ቅጹን አምጣ!»

«አልሰጥሽም።»

«ቅዳሜ ራሱ ዶክተሩ ይሰጠኛል» አለችና ቦርሳዋን በግራ እጇ አንጠልጥላ ወጣች።

ቀልድ የሚመስለው ነገር እዚህ ነው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ግን እውነቱን ብቻውን፣ ያለ ጌጥ ይዤ ብቀርብ ማን ያምነኛል? ታምሩን ሳሳስት ግጥም ነበረኝ። እሷን ለማዳን ምንም አልነበረኝም። በነጋታው አርብ፣ ከቃሊቲ ከወጣሁ ወዲህ ፊት ለፊቱ ላለማለፍ መንገድ የምቀይርለት ታምሩ ጋ ሄድኩ።

«ገጣሚው!» አለ ከሚስማሩ ክምር ኋላ። «ዛሬ ምን ለጥፈህ መጣህ?»

«እጅህን እንድታውሰኝ ነው።»

«የትኛውን? ደህናው ያበላኛል። ያኛው ያንተ ነው፤ ውሰደው።»

ነገርኩት። ሚስማር እየቆጠረ አዳመጠኝ። ሲጨርስ ክምሩን በላስቲክ ሸፈነ። «ይቅር ብዬህ አይደለም» አለ። «ሴትየዋ ምን አጠፋች ብዬ ነው። ቅደም።»

ሰሚራ ሱቅ ውስጥ በግራ እጇ ቁልፍ ልትተክል ትታገላለች። ስታየኝ «ደግሞ እዚህ ድረስ?» አለች። ታምሩ ሰላምታም ሳይሰጥ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨርቁ መሐል ዘረጋው።

«ንኪው።»

«አንተ ማነህ?»

«የዚህ ሰውዬ ግጥም ነኝ። ንኪው፤ አይናከስም።»

በግራ እጇ ነካችው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለውን ጉድጓድ በጣቷ ተከተለች። የታጠፉትን ጣቶች ልትዘረጋ ሞከረች፤ ተመልሰው ታጠፉ።

ታምሩ ግጥሜን አነበነበ። አንድ ቃል አልዘነጋም። ከዚያ «እሱ ነው የጻፈው» አላት። «እኔ አመንኩት። በር እሠራ ነበር።»

ሰሚራ አየችኝ። ከዚያ እሱን። «ግጥም አምነህ እጅህን አጣህ?» አለችው፤ ሳቅም ንቀትም ነበረበት።

«አንቺስ ባነር አምነሽ ልታጪ አይደለም እንዴ? የእኔ እንኳን ቤት ይመታ ነበር።»

ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። የራሷን ቀኝ እጅ አነሳችና ከእሱ እጅ ጎን አስቀመጠችው። የእሷ አውራ ጣት ሥር ገና ሥጋ አለ፤ ሳስቷል፣ ግን አለ። በግራ እጇ አንዱን ጫን አደረገች፣ ከዚያ ሌላውን። እኔ በሕይወቴ ቃል ያልጨመርኩበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው።

«ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አለች በመጨረሻ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ኤልያስ በሩን ዘጋ። ሰሚራ ቅዳሜ ክሊኒኩ ገብታ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ፊት፣ «ማሽኑን አሳዩኝ» ብላው ነበር።

«አንተ ረዳት ነህ» አለኝ። «ሐኪም አይደለህም።»

«ረዳት ነኝ። የማን ረዳት እንደሆንኩ ነው ያልተግባባነው።»

«ዕቃህን ሰብስብ።»

ሰበሰብኩ። ዕቃዬ አንድ ጋዋንና የክር ጥቅልል ነበር። የሰው ቅጽ ደብቀሃል፣ ምስጢር አውጥተሃል የሚል ደብዳቤም ሰጠኝ። አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ከሰበሰብኳቸው የሥራ ልምድ ወረቀቶች ሁሉ በእውነት የሠራሁትን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ሽፈራው ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «መቼ ነው ስፌቷ የሚፈታው?» ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያ የማየት አቅማቸው ደክሞም፣ ከስፌት በኋላ አንጓው በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በወረቀት ሥለው ሰጡኝ።

ባነሩ አሁንም አለ። እንዲያውም ሰፍቷል። ማንም አልተቀጣም፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠብቅም። እውነቱን የተናገርኩት እነሱ እንዲያፍሩ አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ አላፍርም ብዬ ነው።

ሰሚራ ቀዶ ጥገናው ተሠራላት። ከማተሚያ ቤቱ በምሳ ሰዓት እየወጣሁ ሱቋ ውስጥ እጇን እሠራላታለሁ። ወራቱ ይረዝማሉ። «የታለ ነርቭህ? ታክሲ አጥቶ ነው?» ትለኛለች። «ቀንድ አውጣ ነው» እላታለሁ። «ታዲያ ቀንድ አውጣውም ከቱሉ ዲምቱ ነው የሚመጣው?» ታምሩም አንዳንዴ ይመጣል፤ ቁልፍ አስተክሎ ሳይከፍል ይሄዳል።

ስድስተኛው ወር ላይ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ቁጣ ነው። «ቶሎ ና! አበላሽተውኛል!»

ሮጬ ሄድኩ። አውራ ጣቷን በግራ እጇ ጨብጣ ቆማለች። «መርፌ አውራ ጣቴን ወጋኝ፤ የጮኸው ግን መሐል ጣቴ ነው! ገመዱን አሳስተው ነው ያሰሩት!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «አላሳሳቱም» አልኳት። «ነርቭ ውስጥ ሺህ ክር አለ። ሲያድግ አንዳንዱ የጎረቤቱን ቤት ያንኳኳል። ግን መጥቷል ሰሚራ። መጥቷል። አሁን ጭንቅላትሽ አዲሱን አድራሻ መማር አለበት።»

«በመርፌ ነው የሚማረው?»

«በጨርቅ።»

ከቁርጥራጩ መሐል ከፋይ፣ ሱፍ፣ ጅንስና ሻሽ መረጥኩ። ዓይኗን ጨፈነች። አንዱን አውራ ጣቷ ሥር አስገባሁና ቀስ ብዬ ጎተትኩት።

«ሱፍ።»

«ከፋይ ነው።»

«ጅንስ።»

«ሻሽ ነው።»

«ጅንስ እና ሻሽ ይምታታል? ሙች በለኝ!»

በር ላይ አንድ ሰውዬ ቆሞ «እህቴ፣ ሱሪዬ ደረሰ?» አለ።

«ቁጭ በል፤ ፈተና ላይ ነኝ» አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሰውዬው ተቀመጠ። እሷ ሳተች። ደግሜ አስገባሁ፤ ሳተች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ሰውዬው አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ስትስት ከንፈሩን ይመጥጣል፤ «ወንድሜ፣ አትምጠጥብኝ!» ትለዋለች። ከዚያ ጅንሱን አስገባሁ። ጣቷ ጨርቁ ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ጅንስ» አለች።

«ጅንስ ነው!» አለ ሰውዬው ከእኔ ቀድሞ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

ሰሚራ ፈገግ አላለችም። ዓይኗንም አልገለጠችም።

«በዕድል ነው» አለችኝ። «ድገም።»